ሠላሳ አምስት ሜትር

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ ሁለተኛውን ክር ዝቅ አድርጎ እንዳይቃኝ» አሉ አሚ ሼኩዌ፣ ማሐምሪ የሚባለውን ትኩስ ጥብስ ዳቦ በኮኮናት ወተት በተሠራ የርግብ አተር እያጠቀሱ። ያ ሰውዬ ስልኩ ውስጥ ነበር። ስልኩ ደግሞ ድምፁ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ከስኳር ዕቃው ጋር ተደግፏል፤ ከአሚ ሼኩዌ አፍ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። እኅታቸው ቢ ኾሌ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና፣ «ሙሲን፣ ሁለተኛውን ክር ዝቅ አድርገህ እንዳትቃኝ ይልሃል» አሉ። «ሰምቻለሁ» አለ ስልኩ፣ «ቫዮሊን መቃኘት ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እሱ ምን ቤት ነው በይው።» ቢ ኾሌ ቀና ብለው ወደ ታላቅ ወንድማቸው ዞሩ። «ምን ቤት ነህ ይልሃል።» መልእክት ማሳጠር ከጀመሩ ቆይተዋል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሁለት ወንድማማቾችን ቃል ሲያመላልሱ የኖሩ ሴት ቢያሳጥሩ ማን ይፈርድባቸዋል?

እኔ የምድር ቤቱ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእነሱ ወለል የእኔ ጣሪያ ነው። ሳንቃው ያረጀ ስለሆነ ላይ ቤት የሚወራው ሁሉ የስፌት መኪናዬ ላይ ይወርዳል፤ ልስማ ብዬ ሳይሆን ጆሮ ክዳን ስለሌለው ነው። ያን ጠዋት ግን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ የአሚ ሼኩዌን አዲስ ካንዙ፣ ረጅሙን የወንድ ቀሚስ፣ ላደርስ ወጥቼ ስለነበር፣ ቢ ኾሌ ቁጭ በል ብለው ሁለት ማሐምሪ ሰጡኝ። ፊት ለፊቴ ኮምቦ ተቀምጣ ነበር። የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ኮሌጁ ውስጥ የኮምፒውተሮቹን መስመር የምትይዝ እሷ ናት። አሚ የምትላቸው የአባቷ ወንድም ስለሆኑ ነው፤ እኛም የኪቦኮኒ ሰፈር ሰዎች ከእሷ ተውሰን አሚ እንላቸዋለን። ሻይዋን አልነካችውም። አንዴ አሚ ሼኩዌን፣ አንዴ ስልኩን ታያለች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ሞምባሳ ሌላው ዛንዚባር ሆነው፣ በዩኒቨርሲቲዎች አዲስ የኢንተርኔት መስመር አንድ ዘፈን አብረው ሊጫወቱ ነው። ነገሩን የጠነሰሰችው እሷ ናት። ከተበላሸ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል እንደማይኖር እሷም እኛም እናውቃለን። አሚ ሼኩዌ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ «ዛሬም ወደኋላ ከቀረብኝ የቃኑኔን ክር ለዓሣ አጥማጅ እሰጠዋለሁ፣ መረቡን ያስርበት» ብለው ምለዋል። ሌላኛውም እኔ በሌለሁበት እንዲሁ ሳይምሉ አይቀርም።

ጠቡ እንዲህ ነበር። አንድ ትልቅ ሠርግ ላይ አሚ ሼኩዌ ባለ ሰባ ስምንት ክር የዜማ መሣሪያቸውን ቃኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ከወንዶቹ ፊት ተቀምጠዋል። የሙሽራዋ እናት ደግሞ ቫዮሊኑ ለሴቶቹ ቀረብ ይበልልን ብለው ስለለመኑ ሙሲን ከግቢው ማዶ፣ ከመጋረጃው ሥር ተቀምጠዋል። ድምፅ ማጉያው እስካለ ድረስ ሁሉም ነገር ማር ነበር። ከዚያ መብራት ጠፋ። ጨዋታው ግን አልቆመም፤ እኛ ሠርግ ላይ መብራት ጠፋ ብሎ ዘፈን የሚያቆም የለም። ጥቂት እንደሄዱ ቫዮሊኑ ከቃኑኑ ኋላ እየቀረ መጣ። አሚ ሼኩዌ እጃቸውን ክሩ ላይ ጥለው አፈኑትና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ወንድሜን እንቅልፍ ወስዶታል፤ እስኪነቃ እንጠብቀው» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ፤ አልዋሽም። ሙሲን ቫዮሊናቸውን ሳጥኑ ውስጥ አስገብተው ወጡ፤ በማግስቱ የሚስታቸው አገር ዛንዚባር ገቡ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል እንኳ በቀጥታ ተነጋግረው አያውቁም። እኛ ዘንድ ከተጣሉ በኋላ መጀመሪያ የሌላውን ደጃፍ የረገጠ የተሸነፈ ነው፤ ስለዚህ ማንም አልረገጠም።

ኮምቦ የያዘቻቸው በዚህ በኩል ነው። አራት ወር ሙሉ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን እያባበለች፣ «ማንም ወደ ማንም አይሄድም፤ ሁለታችሁም በየወንበራችሁ ናችሁ» ብላ አሳመነቻቸው። ሁለቱም ሁለት ሁለት ውል አስገቡ። አንደኛው፣ ንግግር የለም፣ ጨዋታ ብቻ። ሁለተኛው፣ እኔ ቀድሜ አልጀምርም። የጀመረ ጠራ ማለት ነው፣ የጠራ ደግሞ ናፈቀ ማለት ነው። ለእሱም መላ ተገኘለት፤ በወጣትነታቸው የከተማውን ሠርግ ሁሉ ያስለቀሱት ቢ ኾሌ በድምፃቸው ይጀምራሉ፣ ወንድሞቹ ይከተሏቸዋል። ቢ ኾሌ ይህን ሲሰሙ፣ «ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ድምፄ ዝጓል» አሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት ሽንኩርት ሲከትፉ የሚለማመዱት ጣሪያዬን እየሰነጠቀ ይሰማኝ ነበር።

ወደ ኮሌጁ የሄድነው በባለ ሦስት እግሯ ቱክቱክ ነው። ሹፌሩ ሦስት መቶ ሽልንግ አለ። ቢ ኾሌ፣ «ሦስት መቶ? ቃኑኑ ተሳፋሪ መሰለህ እንዴ?» ቢሉት፣ «እማማ፣ ከእርስዎ በላይ ቦታ ይዟል» አለ፤ ሳቁና በሁለት መቶ ሃምሳ ተስማሙ። ቃኑኑ በቢጫ የካንጋ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን እኔ ጭን ላይ ተኛ። መንገድ ላይ የሚያውቁን ሁሉ «የት ነው? ሠርግ አለ?» ይላሉ። አሚ ሼኩዌ አይመልሱም፤ በአዲሱ ካንዙ ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ያለማምዳሉ። ኮምቦ ለእኔ ስለ ሥራዋ ታወራልኝ ነበር፣ ለእሳቸው እንዲሰማ ጮክ አድርጋ። እስከ ዛሬ ከእኛ ኮሌጅ ወደ ጎረቤት አገር ኮሌጅ የሚላክ ነገር ሁሉ በባሕር ሥር ለንደን ድረስ ሄዶ ነው የሚመለሰው አለችኝ። የባሕር ተመራማሪዎቹ የዓሣና የማዕበል ፎቶአቸው ስለሚከብድ በመረጃ ማስቀመጫ ዲስክ ጭነው፣ ከማንጎ ጋር በፌስታል አሥረው፣ በአውቶቡስ ናይሮቢ ይልኩታል። «ማንጎው ሁልጊዜ ይደርሳል፣ ዲስኩ አንዳንዴ ይጠፋል» አለች። አዲሱ መስመር የራሳቸው የዩኒቨርሲቲዎቹ ነው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት በቀጥታ ያገናኛል። ነገ ላሙ ደሴት ያለች የነርስ ተማሪ እዚህ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ የሐኪሙን እጅ እንቅስቃሴ እያየች ትጠይቃለች፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ምን እንደሚመጣ እንጃ አለች፤ እንጃ ስትል ግን ዓይኗ ያበራ ነበር። አሚ ሼኩዌ ዞር ብለው፣ «ይሄ ሁሉ ጥሩ፤ ሰውዬውን ግን ምት ያስይዘዋል?» አሉ። ቱክቱክ ነጂው ሳይቀር ሳቀ።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ሰማያዊ ወንበር፣ የአዲስ ቀለም ሽታ፣ ጣሪያው ላይ ቀስ ብለው የሚዞሩ አራት ማራገቢያዎች። ፊት ለፊት ግድግዳውን የሚሞላ ስክሪን ተሰቅሏል። የባሕር ዳርቻው ኮሌጆች ሁሉ ሰው ይልካሉ ተብሎ የእያንዳንዱ ስም በካርቶን ተጽፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የኮምቦ አለቃ ቡዋና ምዋቺሮ ሙሉ ልብስ ለብሰው ካርቶኖቹን ያስተካክላሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለእንግዳ ደግሞ ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ በራና አንድ ነጭ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይም ሙሲን ታዩ። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። አሚ ሼኩዌ ቃኑናቸውን ሲፈቱ ቀና ብለው አዩዋቸውና እንደገና አጎንብሰው ካንጋውን ማጠፍ ጀመሩ፤ ያችን አንድ ካንጋ አራት ጊዜ አጠፏት፣ አራት ጊዜ ፈቷት። ሙሲንም ማዶ ሆነው ቫዮሊናቸውን በመሐረብ ይወለውላሉ፤ ያልተወለወለ ቦታ ግን አልነበረውም።  ቢ ኾሌ እንባቸውን በጥቁር ቡይቡይ ልብሳቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «ሁለት አህዮች» አሉ ለራሳቸው።

ልምምዱ ሩብ ዘፈን አልዘለቀም። ቢ ኾሌ ጀመሩ፣ ቃኑኑ ገባ፣ ቫዮሊኑ ገባ፤ ኧረ ምኑ ገባ፣ ከኋላ ከኋላ ይጎተት ጀመር። አሚ ሼኩዌ ፊታቸው ጠቆረ። እጃቸውን እንደዚያ ጊዜው ክሩ ላይ ጣሉት። «ያው ነው! አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያው! ንገሪው ኾሌ፣ ዛሬም አልነቃም በይው!» ገና ቢ ኾሌ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከስክሪኑ የሙሲን ድምፅ መጣ፤ እሳቸውም ደጋናቸውን አውርደዋል። «ኾሌ፣ ሸሽቶኝ እየሮጠ ነው በይው! ምት አይደለም፣ ውድድር ነው!» አንዱ ቃኑኑን፣ ሌላው ቫዮሊኑን መጠቅለል ጀመሩ። እኔ በልቤ አለቀ አልኩ። ኮምቦ ግን ግንባሯን ቋጥራ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፋች። ጥቂት ጻፈች። መስመሩ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ስም አንድ በአንድ ስክሪኗ ላይ ወረደ። አንዱ ላይ ጣቷን ጫነችና ቀና አለች።

«አሚ፣ ይቀመጡ። አሚ ሙሲን፣ እርስዎም ይቀመጡ። የዘገየ ሰው የለም። ድምፁ ለንደን ደርሶ ነው የመጣው።»

አሚ ሼኩዌ ካንጋውን እንደያዙ ቆሙ። «ለንደን ምን ሊሠራ?» ኮምቦ ማንም እንዳይወጣ በሩ ላይ ሄዳ ቆማ አስረዳች። ድምፅ ለብቻው በአየር ሲሄድ ሯጭ እንጂ መብረቅ አይደለም አለች፤ በአንድ ሰከንድ ሦስት መቶ አርባ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሁለት ተጫዋቾች አራት አምስት ሜትር ተራርቀው ቢቀመጡ ጆሮ አያውቀውም። አሁን ግን ድምፁ ባሕር ዞሮ ስለሚመጣ፣ ሙሲን ሃምሳ ሜትር ርቀው እንደተቀመጡ ያህል ነው። «እሳቸው በሰዓቱ ይመታሉ፤ እርስዎ ዘግይተው ይሰማሉ። እርስዎ በሰዓቱ ይመታሉ፤ እሳቸው ዘግይተው ይሰማሉ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሁለታችሁም ሌላውን ትሰድባላችሁ።» አሚ ሼኩዌ ግን አልወጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሠላሳ አምስት ሜትርስ ቢሆን?» ብለው ጠየቋት። «አሚ?» «ሠላሳ አምስት ሜትር። ያዘገያል?» ኮምቦ በልቧ አሰላች። «በደንብ እንጂ። የሰከንድ አሥረኛ ነው፤ ዘፈን ያፈርሳል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሜትርህን ይዘሃል?» ልብስ ሰፊ ሜትሩ መች ከአንገቱ ይወርዳል። ከመድረኩ ጀምሬ እስከ ኋላው ግድግዳ ለካሁላቸው፤ ሃያ ስምንት ሜትር ሆነ። ከግድግዳው ባሻገር፣ በመስኮት በኩል ግቢው ውስጥ ያለችውን የማንጎ ዛፍ አዩ። «እስከዚያች ዛፍ ማለት ነው» አሉ፤ ቀስ ብለው ተቀመጡና ካንጋውን ፈቱ። ምን እያሰቡ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ያ የሠርግ ግቢ፣ ያ መጋረጃ፣ የጠፋው መብራት። ያን ዕለት ከሳቁት አንዱ ነኝና አንገቴን ደፍቼ ሜትሬን መጠቅለል ጀመርኩ።

ኮምቦ ወደ ቡዋና ምዋቺሮ ሄደች። «ቡዋና፣ አዳራሹን ከአዲሱ መስመር ወደ አሮጌው ማን መለሰው?» ሰውዬው አላፈሩም። «እኔ ነኝ ትናንት ያስመለስኩት። እንግዳ እኮ ነው የሚመጣው! አዲሱ ገና ሳምንቱ ነው፤ አሮጌው ውድ ነው፣ የተፈተነ ነው። አንቺ ቤት እንግዳ ሲመጣ በቁም ሣጥን ያለውን ሲኒ ነው ወይስ ትናንት የተገዛውን የምታወጪው?» ኮምቦ ለመሳቅም ለማልቀስም ቃጥቷት ነበር። «ቡዋና፣ ሲኒው እኮ ለንደን ነው ያለው» አለች። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። መስመሩ ሲቀየር ቢቋረጥስ? ይህን ያህል ሰው ፊት ጥቁር ስክሪን ቢያይስ? ደግሞስ ይቺን ታህል መዘግየት የሰው ጆሮ ይለያታል እንዴ፣ ሽማግሌዎቹ ነገር ፍለጋ ነው እንጂ። ይህን የመጨረሻውን አሚ ሼኩዌ ሰሙት። ሰባ ሦስት ዓመት የኖሩበትን ጆሮ መሳደብ እሳቸውን መሳደብ ነው። ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጡ። «ልጄ፣ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ አድርጊው፤ ሳትነግሪኝ። ኾሌ፣ ለሰውዬው ንገሪው፤ እሱም ጀርባውን ይስጥ።» ሙሲን ማዶ ገና ቢ ኾሌ ሳይነግሯቸው ወንበራቸውን ሲያዞሩ በስክሪኑ አየናቸው።

እንዲህ ያለ ፈተና ታይቶም አይታወቅ። ኮምቦ መስመሩን ትቀያይራለች፤ አሚ ሼኩዌ አንድ ክር ይነካሉ፣ ሙሲን በአንድ ድምፅ ይመልሱላቸዋል፤ ሁለቱም ጀርባቸውን እንደሰጡ ናቸው። መጀመሪያ ላይ አሚ ሼኩዌ «ለንደን» አሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ከስክሪኑም «ለንደን» የሚል መጣ። ኮምቦ ቀየረች። ክር ተነካ፣ ቫዮሊን መለሰ። «ቤት!» አሉ ሁለቱም፣ በአንድ አፍ፣ እኩል። ደግማ ቤት ላይ ተወችው፤ ልታታልላቸው። «ቤት!» አሉ እንደገና እኩል፤ አሚ ሼኩዌ ጨመሩበት፣ «አታጭበርብሪን!» እኔና ቢ ኾሌ ተያየን። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ እነዚህ ሰዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማታችን ነበር። ስድስት ጊዜ ሞከረቻቸው፣ ስድስቱንም አገኙት። ቡዋና ምዋቺሮ ክራቫታቸውን አላሉ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። «ተዪው እዚያው፤ ቤት ላይ ይሁን» አሉ ኮምቦን፣ «ከጠቆረ ግን እኔ የለሁበትም።» «ከበራስ?» አለች። «ከበራማ አብረን ነን» አሉና ሳቁ። አልኳችሁ እኮ፣ ደግ ሰው ናቸው።

አሥር ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ሞላ። ከኮሌጆቹ የመጡት እንግዶች ስማቸው የተጻፈበት ላይ ተቀመጡ፤ ኪቦኮኒ ደግሞ ማን ጠራሽ ሳትባል በሙሉ መጥታ ግድግዳው ሥር ቆማለች፤ አንዷ ሕፃን ታጠባለች፣ ሌላው የተጠበሰ ድንች ይዞ ገብቷል። ማዶም ዛንዚባር ያ ነጭ ክፍል በሰው ተሞልቷል። ቡዋና ምዋቺሮ ረጅም ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ ሁለት ገጹን እንዳነበቡ ቢ ኾሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ተናጋሪው የቀረውን ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ቢ ኾሌ ዘፈኑ። ዝጓል ያሉት ድምፅ ትንሽ ሻካራ ነበር፤ ግን እንዴት ያለ ሻካራ! የሐር ጀርባ እንደሚሻክረው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቃኑኑ ገባ፣ ቫዮሊኑም ገባ፤ ማን ቀድሞ እንደገባ እስከ ዛሬ ሰፈሩ ይከራከርበታል። እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ሲገባ ነው። ቃኑኑ ሲዘንብ ቫዮሊኑ ከሥሩ እንደ ጎርፍ ይሰበስበዋል፤ ቃኑኑ ሲያርፍ ቫዮሊኑ ያነሣዋል። አሚ ሼኩዌ መጀመሪያ ትከሻቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ተሰቅሎ ነበር፣ ስህተቱን እየጠበቁ። አልመጣም። አንዴ ሆን ብለው ምቱን ሸርተት አደረጉት፣ በልጅነታቸው ወንድማቸውን እንደሚያታልሉበት መሆኑን ቢ ኾሌ በኋላ ነገሩኝ፤ ሙሲን ሳይደናገጡ ተከትለው ገቡበት። ያኔ ትከሻቸው ወረደ። ፊታቸው ፈታ። ስክሪኑን ቀና ብለው አዩት፣ ማዶ ያሉትም አዩአቸው፣ ከዚያ በኋላ አንዳቸው ከሌላው ዓይናቸውን አልነቀሉም። ኮምቦ ኮምፒውተሯን እየጠበቀች ነበር የሚባለው፤ ውሸት ነው፤ እንባዋን በሁለት እጇ እየጠረገች ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጣሪያው ሊነሣ ደረሰ። እኛ ዘንድ ተጫዋች ደስ ሲያሰኝ እየጨፈሩ ሄዶ ገንዘብ ግንባሩ ላይ መለጠፍ ወግ ነው። ሴቶቹ እልል እያሉ አሚ ሼኩዌን በሃምሳና በመቶ ሽልንግ አለበሷቸው። ቢ ኾሌ ግን ሁለት መቶ ሽልንግ ከደረታቸው አወጡ፤ በወገባቸው እየተውረገረጉ ወደ ግድግዳው ሄዱና፣ በምራቃቸው አርሰው፣ የሙሲን ግንባር የሚታይበት ስክሪን ላይ ለጠፉት። «ኾሌ፣ ድምፁ ደርሶኛል፣ ሽልንጉ ግን ወዴት ቀረ?» አሉ ሙሲን። «በለንደን በኩል ይመጣል፣ ጠብቅ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ የመምህራን ኮሌጅ ተወካይ፣ ሳቋን ሳትጨርስ ኮምቦን ክንዷን ይዛ፣ «እኛን መቼ ነው የምታስገቡን?» ስትላት ሰማሁ፤ ከኋላዋ ሌሎች ሦስት ቆመው ተራ ይጠብቁ ነበር።

ሳቁ ሰከነ። ውሉ አልቋል፤ ንግግር የለም ተብሏል። ማዶ አንድ ሰው ስክሪኑን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ ታየ። አሚ ሼኩዌ ካንጋዋን ጭናቸው ላይ ጨብጠው፣ «ኾሌ» አሉ። «አቤት።» «ንገሪው፣ የዚያን ዕለት…» ቢ ኾሌ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አቋረጧቸው። «ራስህ ንገረው። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ ወጥቻለሁ።» ድንች የያዘው ሰው ማኘኩን አቆመ። ሕፃኑ እንኳ መጥባቱን ተወ። አሚ ሼኩዌ ከቃኑኑ ላይ የወደቀ አንድ ሃምሳ ሽልንግ አነሡ፣ አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ሙሲን።»

«አቤት ሼኩዌ።»

«የዚያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር።»

«ጠፍቶ ነበር።»

«አንተ ከመጋረጃው ሥር ነበርክ። ሠላሳ አምስት ሜትር ይሆናል። እንቅልፍ አልወሰደህም። በሰዓቱ ነበር የምትመታው።» ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ ነኝ ሳልሰማ የተናገርኩት። በሰው ፊት ነው የበደልኩህ፣ ይኸው በሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

ሙሲን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት። «ሠላሳ ስድስት ነው» አሉ።

«ምን?»

«ሠላሳ ስድስት ሜትር ነው። በማግስቱ ከመሳፈሬ በፊት ሄጄ በገመድ ለክቼዋለሁ።»

አሚ ሼኩዌ ወደ ስክሪኑ ተንጠራሩ። «አውቀኸው ነበር? አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ያናግርሃል!»

መጀመሪያ የሳቁት አሚ ሼኩዌ ናቸው። እንዲህ ያለ ሳቅ ከእሳቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ሰውነታቸው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ጭናቸው ላይ ያሉት ሰባ ስምንት ክሮች አብረው ጮሁ። ማዶ ሙሲን ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቃሉ፤ ሳቁ ሳይዘገይ፣ እኩል ደረሰ። «ሠላሳ አምስት ነው!» ይላሉ እዚህ። «ሠላሳ ስድስት!» ይላሉ እዚያ። እኔ ነገ ሜትሬን ይዤ ያንን ግቢ ሄጄ እለካላችኋለሁ ብዬ ተነሣሁ፤ ቢ ኾሌ ካንዙዬን ይዘው አስቀመጡኝ፣ «ተው፤ ለሌላ አሥራ ሰባት ዓመት የሚጫወቱበት ይኑራቸው።»

ሰዉ ድገሙ፣ ድገሙ እያለ ያጨበጭባል። ቢ ኾሌ ውሃ እየጠጡ ስለነበር ሁሉም ሊያስጀምሩ ጠበቋቸው። አሚ ሼኩዌ ግን እጃቸውን አንሥተው ሰዉን ዝም አሰኙት፤ ቃኑናቸውን አስተካከሉና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ሙሲን፣ ጀምር።»

«እኔ?»

«አንተ። እከተልሃለሁ።»

ሙሲን ጥቂት አዩአቸው፤ ከዚያም ቫዮሊናቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ደጋናቸውን አነሡ።